የአጥንት መርፌ

ማልጃ ምስጢር አይሆንላትም። ትደብቃለች፣ ትጠነቀቃለች፣ ግራ ቀኟን ታያለች፤ ግን እሷ ስታንሾካሽክ ከሰፈራችን ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ጉልበቷን የጨረሰችው እዚሁ ደሴታችን ዮንግዶ፣ ከታች ካለው የመርከብ መጠገኛ ነው፤ በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ተቀምጣ የመርከብ ሆድ በመዶሻ እየቀጠቀጠች ዝገት ስታራግፍ። ቀኑን ሙሉ ብረት በብረት ሲመታ ጆሮ አይተርፍም። ስለዚህ አጥር ላይ ጠጋ ብላ ለሚስቴ ለኦክቡን የምትነግራትን ነገር እኔ ከመኝታ ቤቴ፣ ዓሣ ሻጩ ደግሞ ከመንገድ ላይ እኩል እንሰማዋለን። ይህን የማታውቅ ከሰፈሩ ሁሉ እሷ ብቻ ናት። የነገራት ሰው የለም። ብንነግራት ዝም ትላለች፣ እሷ ዝም ካለች ደግሞ ጠዋቱ አይነጋልንም።

ያን ዓርብ ጠዋት ባሏ ቹንሲክ ጣራው ላይ ነበር፤ በነጭ ፎም ሳጥን የተከለውን ጎመን ውሃ ያጠጣል። እኛ ሰፈር ቤቱ ሁሉ ዳገት ላይ የተደራረበ ስለሆነ የአንዱ ጣራ ከሌላው መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው። ማልጃ ከታች አጥሩን ተደገፈች፣ አፏን በመዳፏ ከለለች፣ ጀመረች።

«አልሄድኩም እኮ! ተወጋሁ አልኩት እንጂ ቀኑን ሙሉ ሕዝብ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፌ ነው የዋልኩት። ያንን የአጥንት መርፌ ሁለተኛ ገላዬን አላስነካም! ለሱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ልቡ ደካማ ነው፣ ይደነግጣል።»

ቹንሲክ ወደ ታች አላየም። ማጠጫውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ውሃው ከሳጥኑ ሞልቶ፣ ጣራው ላይ ፈስሶ፣ በአሸንዳው ወደ እኛ ግቢ መውረድ ሲጀምር ሚስቴ ቀና ብላ አየችው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ኦክቡን እጇን ማልጃ ክንድ ላይ ጣል አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እሺ፣ አልነግረውም ማለቷ ነው። ሌላ ምን ታድርግ? እኔም መጋረጃዬን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ማልጃ ቁርጥማት ከያዛት ብዙ ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ትውጣለች፤ ስቴሮይድ ነው የሚሏት። ክኒኗ ፊቷን ክብ አድርጋ ሞላችው፤ ገበያ ውስጥ ሴቶቹ «ባልሽ ምን እያበላሽ ነው?» እያሉ ሲቀልዱባት ቹንሲክ እውነትም እሱ ያወፈራት ይመስል ደረቱን ይነፋ ነበር። ክኒኗ አልበቃ ያለቻት ዕለት ደግሞ ገበያው ጥግ ካለ ክሊኒክ ትከሻዋን ወይ ጉልበቷን ትወጋለች። ያው ስቴሮይድ ነው፣ በመርፌ መልክ። እኛ ጋ ያንን መርፌ ሰው ሁሉ «የአጥንት መርፌ» ነው የሚለው። መገጣጠሚያ ውስጥ ስለሚገባ ይሁን፣ የተወጋ ሰው አጥንቱ አዲስ ስለሚመስለው ይሁን፣ ማን ስም እንዳወጣለት አላውቅም፤ አሮጊቱ ሁሉ ግን አጥንት የሚያጠነክር መስሏቸው ነው የሚሰለፉት። ማልጃም ጠዋት ትወጋና ከሰዓት መዶሻዋን ታነሳለች። አንድያ ልጇን ሚኦክን እንዲህ እያለች አስተምራ መምህርት አደረገቻት። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብርዱ ሲገባ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ጎመን ያለበትን ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ።

ሆስፒታል ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ራጁን መብራት ላይ አድርጋ ስታበቃ፣ አጥንቷን የበላው የዓመታት ስቴሮይድ መሆኑን ነገረቻቸው። ነጯን ክኒን ሰውነቷ ስለለመዳት ባንዴ ማቆም አይቻልም፣ ቀስ እያለ ይቀነስላታል፤ የአጥንት መርፌው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቅር። ቹንሲክ የሚስቱ ጆሮ ነው፤ ሰው ያለውን ይቀበልና በግራ ጆሮዋ ይጮኽላታል። ያን ቀንም «የአጥንት መርፌ የለም! ሁለተኛ የለም!» ብሎ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮኸ። ሐኪሟ በዚያው ቀን ሌላ መርፌ አዘዘችላት፤ የሳሳው አጥንት ይበልጥ እንዳያልቅ የሚጠብቅ፣ በየስድስት ወሩ ክንድ ላይ የሚወጋ። ማልጃ ማስታገሻ መስሏት ተወጋች። ሁለተኛው ላይ ግን አንዲት ነርስ በደግነቷ «እማማ፣ የአጥንት መርፌዎን ጨርሰናል፣ ጎበዝ!» አለች፤ ቹንሲክም ሳያስበው ያንኑ ተቀብሎ በጆሮዋ ጮኸው። ማልጃ የተወጋውን ክንዷን አየች። ቤት እስኪደርሱም በመዳፏ ሸፍና ያዘችው። የሦስተኛው መርፌ ቀን ሲደርስ ቹንሲክ የአባቶቹን መቃብር ሣር ሊያጭድ ከወንድሞቹ ጋር ገጠር ወርዶ ነበር። «ብቻዬን ሄጄ ተወግቼ መጣሁ» አለችው። አመናት፤ ዋሽታው አታውቅማ።

ያን ዓርብ ጎመኑን አጠጥቶ ሲወርድ ቁርስ ቀርቧል። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የባቄላ ቡቃያ ሾርባ። ማልጃ እንደ ወትሮዋ የዓሣውን ወፍራም መሃል በቾፕስቲክ አንስታ ሩዙ ላይ አስቀመጠችለትና ጭንቅላቱን ለራሷ ወሰደች። እሱ ነው የሚጣፍጠው ትላለች፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ እንዳለች ነው። ቹንሲክ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር። የተዋሸው እሱ ነው፣ ደግሞ በአሮጊት መታጠቢያ ቤት! ግን ማልጃ ነጯን ክኒን ዋጥ አድርጋ፣ መዋጧን ለማሳየት አፏን እንደ ሕፃን ከፈት ስታደርግለት አንጀቱን በላችው። ጃንጊ ልጫወት ነው ብሎ ጠጠር የሚገፋ ሰው በእጁ አስመስሎ አሳያትና ወጣ። ጃንጊ፣ የኛን አገር ቼዝ፣ የሚጫወተው ከኔ ጋር ነው። በበራችን ሲያልፍ ቆሜ እያየሁት ቀናም አላለልኝ፤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ቁልቁል ወረደ።

ሆስፒታሉ ከድልድዩ ማዶ ነው። ቹንሲክ ተራ ቁጥር አልወሰደም፤ ቀጥ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄዶ የሚስቱን ስም ተናገረ። ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ነርስ፣ ያቺው በሁለተኛው መርፌ «ጎበዝ» ያለቻት ደግ፣ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ ብድግ አለች።

«አባባ! የት ጠፍታችሁ ነው? ከተወጋች ሰባት ወር ሊሞላት እኮ ነው! ደውለንላት «እሺ እሺ» ብላ ዘጋችብን።»

«ስልክ ላይ ሁልጊዜ እሺ ነው የምትለው» አለ ቹንሲክ። «ስለማትሰማ።»

ነርሷ ከመስኮቷ ጀርባ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ይሄ መርፌ እንደ ሌላው አይደለም አለችው። አንዴ ከተጀመረ ቀኑን ጠብቆ መቀጠል አለበት። የመርፌው ቀን ካለፈ፣ ሲጠብቀው የነበረው አጥንት ባንዴ መሟሟት ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው በባሰ ፍጥነት። የጀርባ አጥንቶች በሳል፣ በማስነጠስ፣ ጫማ ለማሰር ጎንበስ በማለት ተራ በተራ ሊሰበሩ ይችላሉ። ቹንሲክ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ሰማት። ዛሬ ጠዋት ማልጃ የሩዙን ድስት ከታችኛው መደርደሪያ ስታወጣ ጎንበስ ብላ ነበር፤ አይቷታል፣ ዝም ብሏታል።

«ለምንድነው ያልመጣችው ግን? አመማት እንዴ?»

«ምን ብላችሁ ነው የደወላችሁላት?»

«የአጥንት መርፌዎ ደርሷል ብለን።»

ቹንሲክ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። የገበያውን ክሊኒክ፣ ኮሪደሩ ላይ የጮኸውን፣ ሁሉንም ነገራት። ነርሷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረና ተነነ። እኛም ልማዱ ካፋችን አልወጣ ብሎ ነው እንጂ የዚህኛው ስም እንደዚያ አይደለም አለች።

«እና የሚበላው የአጥንት መርፌ ከተባለ፣ የሚጠብቀው ምን ይባላል?»

«የ... አጥንት መሳሳት መከላከያ መርፌ።»

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ በሚስቴ ጆሮ ጮኼ ስጨርስ እኔ ነኝ እዚህ የምተኛው።»

ነርሷ እጁን ያዘችው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፣ ሰኞ ደግሞ በዓል ነው። ዛሬ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ያምጧት፣ ሐኪሟን አስቀምጬ እጠብቃችኋለሁ አለችው። እንዴት አድርጎ እንደሚያመጣት ግን አልነገረችውም፤ ያንን የሚያውቅ ሐኪም የለም።

ድልድዩን በእግሩ ነው የተሻገረው። ከታች፣ መጠገኛው ግቢ፣ አንድ የዓሣ መርከብ ከውሃ ወጥቶ ተጋድሟል። ግማሽ ጎኑ ተራግፎ ብረቱ ነጥቷል፤ ሁለት ሰዎች ከወዲያ በኩል ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ እየተሯሯጡ ይቀባሉ። ማልጃ በጉብዝናዋ እዚያ ስትንጠለጠል ቹንሲክ ምሳ ይዞላት ይወርድ ነበር፤ ከሥር ቆሞ ቢጣራ ስለማትሰማ የሳንቃዋን ገመድ ነው የሚያወዛውዘው። ደንግጣ ወደ ታች ታየውና በዝገት የቀላ ፊቷ በሳቅ ይፈካል። ቹንሲክ ትንሽ ቆሞ አየ። ከዚያ መንገድ ዳር አንድ ሆቶክ ገዛ፤ ውስጡ ማርና ለውዝ ያለበት፣ ማልጃ የምትወደው ትኩስ ቂጣ ነው፣ እሱም ተወዶ ሁለት ሺህ ዎን ገብቷል። ቂጣውን ኮቱ ውስጥ ወሽቆ ዳገቱን ወጣ። ሊያባብላት ነው።

ማልጃ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ሆቶኩን አየችው፣ እሱን አየችው፣ የሆነ ነገር እንዳለ ገባት። ቹንሲክ ጎኗ ተቀምጦ የመስሚያ መሣሪያ ወዳለበት ግራ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እንዳልተወጋሽ አውቃለሁ!»

«ማን ነገረህ?»

እዚህ ላይ ነው የወደድኩት። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፣ አንቺው ነሽ ለሰፈሩ ሁሉ ያወጅሽው ማለት ይችል ነበር። አላለም። «ሆስፒታሉ!» ብሎ ጮኸ።

«ይንገሩህ! አልወጋም!»

«ይሄኛው ሌላ ነው፣ አንቺ የሚኦክ እናት! ያ የአጥንት መርፌ አይደለም! ይሄ የአጥንት... የአጥንት መርፌ ነው!»

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሳቄን በትራስ አፈንኩት። ማልጃ ግን አልሳቀችም። ቢላዋዋን አስቀመጠች። የድሮውን መርፌ አልረግመውም አለች፤ ክንዴን አንስቶልኛል፣ ልጄን አስተምሮልኛል፣ ዋጋውንም አጥንቴን ቆርጥሞ ወስዷል። ተከፋፍለናል፣ ዳግም ደጄ አይምጣ። ከዚያ ድምጿ ወረደ፤ ለሷ ወረደ ማለት እኛ ጋ በደንብ ይሰማል ማለት ነው።

«አንተ ነህ በዚህ ጆሮዬ የጮህከው። ሁለተኛ የለም ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ ያንተን ቃል ነው የያዝኩት። የሌላ ሰው ቃል አልሰማም፤ መስማትም አልችል።»

ቹንሲክ ጨንቆት ለሚኦክ በስልኩ ቪዲዮ ደወለ። ሚኦክ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ወደ ኮሪደር ወጥታ ሰማችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እማዬ፣ እንዴት ትዋሻለሽ? ብትሰበሪብኝስ? እኔ እዚህ ሆኜ ምን ልሁን?» ስትል ነገሩ ጭራሽ ተበላሸ። የልጅ እንባ ማልጃ አትችልም፤ ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮዋ ነቀለችና ሽንኩርቱ ሳህን ውስጥ ጣል አደረገችው። በእነሱ ቤት ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲያ መብረቅ ቢወርድ አይመለከታትም፤ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ሚኦክ ከስልኩ ውስጥ «አባዬ? አባዬ?» ስትል ቹንሲክ ማታ እደውልልሻለሁ ብሎ ዘጋው። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ሆቶኩ ቀዝቅዟል።

ቀጥሎ የሆነውን ቹንሲክ አስቤበት ነው ያደረግኩት ይላል። እኔ ንዴት ነበር ባይ ነኝ፤ በመስኮቴ አይቼዋለሁ። በሩን በርግዶ ወጣ፣ ከደረጃው ሥር ገብቶ ሲያተራምስ ቆየ፣ የማልጃን የድሮ መዶሻ ይዞ ብቅ አለ። ወደ ጣራ የሚያወጣው ደረጃ መደገፊያ ብረት አለው፤ የባሕሩ አየር በልቶት ልጣጩ እጅ ላይ ይቀራል። ቹንሲክ ዝናብ ሳይገባ እቀባዋለሁ ብሎ አንድ ቆርቆሮ አንቲረስት ገዝቶ ካስቀመጠ ቆይቷል። መዶሻውን በሁለት እጁ ይዞ ብረቱን ይወቅጠው ጀመር። ኳ! ኳ! ኳ! ሚስቴ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። ሰውዬው መዶሻ ጨብጦ አያውቅም፤ ሲመታ ዝገቱ ቦታው እንዳለ ነው፣ ብረቱ ግን ይጎብጣል።

ማልጃ አልሰማችም። ግን ወለሉ ስለተንቀጠቀጠ ይሁን፣ ያንን ምት ሰውነቷ ስለሚያውቀው ይሁን፣ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አየችው። ትንሽ ታገሰች። ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ፤ ሴትዮዋ መርፌም፣ ውሸትም፣ ኩርፊያም ረስታለች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ቆሞ ማየት ግን አልቻለችም።

«አንተ ሰውዬ! ሚስማር ነው የምትመታው? የእጅህን አንጓ! በአንጓህ!» ብላ ሄዳ መዶሻውን ነጠቀችው።

ቹንሲክ ነጣ። ነርሷ ያለችው ሁሉ ባንዴ መጣበት፤ ጎንበስ፣ ሳል፣ ማስነጠስ። «ወገብሽ! ወገብሽን!» እያለ ቢጮኽ ማን ይስማው። መዶሻውን ሊቀማት ፈለገ፣ መታገሉ ራሱ እንዳይሰብራት ፈራ። መጨረሻ ላይ ያለውን አማራጭ ወሰደ፤ ከኋላዋ ዞሮ ወገቧን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ፣ መሰላል እንደሚይዝ ሰው። እሷም አላስጣለችውም። ቀጥ እንዳለች ክንዷን ሳታነሳ፣ አንጓዋን ብቻ እያወዛወዘች መታ መታ አደረገችው። ዝገቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ቀለል ያለ፣ እኩል የሆነ ምት ነበር፤ ይህን ድምፅ ሰፈራችን ከሰማው ስንት ጊዜ ሆነው! እኔና ኦክቡን አፋችንን ከፍተን ቀረን። ክንድ የሚያህል ብረት ንፁህ ሆኖ ሲወጣ ማልጃ ቆመች፣ ደከማት፣ መዶሻውን መለሰችለት።

«ቀለሙስ?» አለች።

ቹንሲክ ትከሻውን ሰበቀ።

«ምን ማለት ነው? አንቲረስቱ የታል?»

ቹንሲክ በእጁ ወዲያ አለ። ነገ፣ በሌላ ቀን፣ በሚቀጥለው ወር። ያኔ ነው እንግዲህ የወረደችበት።

«አብደሃል? ብረት አራግፈህ ራቁቱን ልታሳድረው ነው? የባሕሩ ጤዛ ሲያገኘው ነገ ጠዋት ደም መስሎ ነው የምታገኘው! ከነዝገቱ ቢተው ይሻለው ነበር! የተራገፈ ብረት ቀለሙን በጊዜው ካላገኘ ካለፈው ይብሳል፣ ይቦደቦዳል። ዕድሜህን ሙሉ ዮንግዶ ኖረህ ይሄን አታውቅም?»

ቹንሲክ አንድ እጁን ራቁቱን በቀረው ብረት ላይ አደረገ። ሌላውን ጀርባዋ ላይ፣ ጎመኑን ስታነሳ በተሰበረው፣ ትንሽ ጎበጥ ባለው ቦታ ላይ አሳረፈ። ከዚያ እጁን ከጀርባዋ አንስቶ በጣቱ ክንዷን ወጋ አደረገ፣ መርፌ። ወዲያው ያንኑ ጣቱን እንደ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ብረቱ ላይ አስኬደው። ክንዷን ወጋ። ብረቱን ቀባ። ጀርባዋን ዳሰሰ።

ማልጃ እጁን አየች። ብረቱን አየች። እሷ ያራገፈችውን ቦታ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው፤ ለረጅም ጊዜ አሸችው። ክብ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ፣ እንደ ፍርሃት ያለ ነገር አለፈበት። የሆነ ነገር ተናገረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያልሰማውን ሹክሹክታ አወጣች፤ እኔም አልሰማሁ፣ ሚስቴም አልሰማች። ምን እንዳለች ኋላ ቹንሲክ ነው የነገረኝ።

«ቀለሙ ነው እንዴ?» ነው ያለችው።

ታክሲ ያዙ። ቹንሲክ ታክሲ የሚይዝ ሰው አይደለም። እኔና ኦክቡን እስከ መንገዱ ሸኘናቸው፤ ማልጃ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ የቀዘቀዘውን ሆቶክ እየገመጠች «ብረቱን ጨርቅ አልብሱልኝ፣ እርጥበት እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች። የሚስቴን አሮጌ ብርድ ልብስ ጠመጠምንበት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቢጫ ሹራቧ ነርስ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ከአፏ ሊወጣ የነበረውን ቃል እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ቹንሲክ አይቷል። «እማማ፣ ዛሬ ለ... ለየትኛው መርፌ ነው የመጡት?» አለች በመጨረሻ፣ በጆሮዋ ጮኻ። ማልጃ መሣሪያዋን ሽንኩርት ሳህኑ ውስጥ ረስታው መጥታለች። ቢሆንም ይህን ሰማች፣ ወይም ከከንፈሯ አነበበች። አዳራሹ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን እየነካካ በተቀመጠበት፣ በሙሉ ድምጿ መለሰች።

«አንቲረስት ልቀባ ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ነርሷ መጀመሪያ አልገባትም። ቹንሲክ ሲያስረዳት አፏን ይዛ ወደ ሐኪሟ ክፍል ሮጠች፤ ሐኪሟም ወጥታ መጣች። ደም ተወሰደ፣ ራጅ ተነሳች፣ ጎደለ የተባለው ተሰጠ፣ ክንዷ ላይ ያቺ ትንሽ መርፌ ገባች። እስካሁን አዲስ የተሰበረ አጥንት የለም አለች ሐኪሟ፣ ራጁን ደጋግማ አይታ፤ በጊዜ ነው የደረሳችሁት። ቹንሲክ ይህን ተቀብሎ በጆሮዋ ሊጮኽ ጠጋ አለና ተወው። ግንባሩን ጆሮዋ ላይ አስደገፈው። ማልጃ ምን ሆንክ ብላ ገፋ አደረገችው፤ ሰው ፊት ነውር ነው።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘቅዝቃ ነበር። ማልጃ ጫማዋን ሳታወልቅ ብርድ ልብሱን ገልጣ ብረቱን አየች፣ በእጇ ዳሰሰች፣ ደህና ነው አለች። ቹንሲክ የአንቲረስቱን ቆርቆሮ ከፈተ። ሥራውን ቆማ ካስጀመረችው በኋላ፣ ብሩሹን እንዴት እንደሚይዝ ሁለቴ ከሰደበችው በኋላ፣ ሚስቴ ልትጠይቃት አጥሩ ጋ ስትጠራት ወረደች። ቹንሲክ ደረጃው አናት ላይ ቀረ፤ ይቀባል። ማልጃ አጥሩን ተደገፈች። ግራ ቀኟን አየች። አፏን በመዳፏ ከለለች።

«ተወጋሁልሽ! ምን ላድርግ? መዶሻ መያዝ የማይችል ሰው ነው፣ አይተሽዋል። ጨው የት እንዳለ አያውቅም። እኔ ከተሰበርኩ ማን የዓሣውን መሃል ይሰጠዋል? በየስድስት ወሩ እቀባለሁ፣ ትቼው አልሄድም! ለሱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ይኮራብኛል።»

ዓሣ ሻጩ ከመንገድ ላይ ጋሪውን አቆመ። እኔ መጋረጃዬን ይዤ ቀረሁ። ኦክቡን ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አልነግረውም።

ቹንሲክ ወደ ታች አላየም። አሁን የቀባውን ቦታ ደግሞ ቀባው።